ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት

ምጣዱን ወደ ሰርቪስ ቤት ያወጣ ሰው ከዋናው ቤት የሚሄድ ወፍራም መስመርና እዚያ የሚተከል ሁለተኛ የብሬከር ሳጥን ያስፈልገዋል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ሁለት ምጣድ አብረው ሲሠሩ 32 ይደርሳል። ርቀቱ 25 ሜትር ከሆነ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ 12 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ያስቀራል፣ ከአቅሙ በላይም ይግላል፤ ባለ 6 ሽቦ የሚያስቀረው 5 ቮልት ገደማ ነው። የሚዘረጉት ፌዝ፣ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ ናቸው፤ ኒውትራሉና የመሬቱ በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ አይገናኙም።

የሚቀረው ጥያቄ መስመሩ በቱቦ ይሂድ ወይስ ኬብል ይቀበር የሚለው ነው። እኔ የቱቦ ወገን ነኝ። ሽቦ ያረጃል፣ የቤቱም ፍላጎት ያድጋል። ቱቦ ካለ አሮጌው ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ ግድግዳ አይፈርስም፣ ግቢ አይቆፈርም። በተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ውስጥማ ክርክር የለውም፤ ቱቦና ነጠላ ሽቦ ነው።

ግን ቱቦን የሚወዱ ሰዎች ራሳቸው ስለ ቱቦ የሚሳሳቱት ነገር አለ። ባለፈው ሐምሌ አንዲት ጎረቤቴ ጠሩኝ፤ የሰርቪስ ቤቱ ብሬከር እንጀራ በተጋገረ ቁጥር እየወደቀ አስቸግሯቸዋል። መስመሩ በ32 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግቢውን አቋርጦ የሚያልፍ ነው። ሽቦውን ከአንዱ ጫፍ ስስበው ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። «ልጄ፣ ቱቦ ውስጥ አይደል እንዴ ያለው? ውሃ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። የዘረጋው ባለሙያ መጋጠሚያዎቹን በማስቲሽ አጣብቋል፤ የወጣውም ውሃ ጥርት ያለ ነው፣ ጭቃ የለበትም።

«አክንባሎውን ሲያነሱ ከውስጡ የሚንጠባጠበው ከየት ነው?» አልኳቸው። የምጣዱ እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። የቱቦው አፍ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ከምጣዱ የሚነሳው እርጥብ አየር በዚያ ይገባል፣ መሬት ውስጥ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ ያልባል። ጠብታው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና ይጠራቀማል። ማስቲሹ ሲጠብቅ የሚያደርገው ውሃው እንዳይወጣ መያዝ ነው። በዚያው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ደግሞ አጭር ሽቦ በሌላ ሽቦ ተቀጥሎ በቴፕ ተጠቅልሎ ነበር። በቱቦ ውስጥ ሽቦ አይቀጠልም! መቀጠል ካስፈለገ ተከፍቶ የሚታይ ሳጥን ይደረግለታል። ቱቦ ውስጥ የሚቀጥሉ ሰዎች ሥራቸው ስለማይታይ ማንም አይደርስበትም ብለው ያስባሉ፤ የሚደርስበት እንጀራ የምትጋግረው ሴት ናት።

የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው፦ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ውስጡ እርጥብ ቦታ ተብሎ ይቆጠራል፤ የሚገባበትም ሽቦ እርጥበት እንዲችል የተሠራ መሆን አለበት። ለግድግዳ የሚሸጠው ተራ ነጠላ ሽቦ ለዚህ አልተሠራም። ስለዚህ ግቢ ለማቋረጥ የምመርጠው ሁለቱን አንድ ላይ ነው፦ ድርብ ሽፋን ያለውን፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ጥቁር ኬብል በቱቦ ውስጥ። ወጪ በዛ የሚለኝ አለ። ገንዘቡን የሚበላው ቁፋሮው ነው፤ ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ ቱቦ ማስገባት ትንሽ ጭማሪ ነው።

ያለ ቱቦ የሚቀበር ከሆነ ብረት የተጠቀለለበት ኬብል ይሁን፤ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከሥርና ከላዩ አሸዋ፣ ከዚያ ጡብ ወይም የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ። በቆፈሩት ድንጋይ መልሰው የሚደፍኑት ሰዎች ኬብሉን በገዛ እጃቸው ይወጉታል።

ስለ መታጠፊያ አንድ ነገር፦ ለውሃ ቧንቧ የሚሸጠውን ሹል ክርን አትግዙ፤ ኬብል አያልፍበትም። ሰፋ ብለው የሚዞሩ ሁለት መታጠፊያዎች ይበቃሉ። ሲባጎም ውስጡ ተዉ፤ የሚቀጥለው ሰው ይስብበታል።

የጎረቤቴ ቱቦ መታጠፊያው ሰፊ ነበር። ውሃውን በአየር ገፍተን አወጣን፣ በአሮጌዎቹ ሽቦዎች ጫፍ ባለ 6 ጥቁር ኬብል አስረን ሳብን፣ ሁለቱን አፎች በሲሊኮን ደፈንን። ጠዋት የጀመርነው ከምሳ በፊት አለቀ፤ ግቢው ውስጥ ዶማ አላነሳንም።