ጂፒ፦ በደህና ቀን የሚወጣ ካርድ

አገር ቤት ካርድ የሚወጣው ሕመም ሲመጣ ነው። በማለዳ ተነስቶ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ መሰለፍ፣ ከዚያ ስም እስኪጠራ መጠበቅ። እንግሊዝ አገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሰው ጤነኛ ሳለ በሰፈሩ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል፤ ሲታመም ወደተመዘገበበት ይሄዳል። ሐኪሙ «ጂፒ»፣ ክሊኒኩ ደግሞ «ሰርጀሪ» ይባላል። የልብም ሆነ የአጥንት ስፔሻሊስት ዘንድ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ጂፒው ሪፈር መጻፍ አለበት። እዚህ መዝገብ ላይ ላልሰፈረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው በር የድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ለጉሮሮ ሕመም የሚጠበቀውን ሰዓት የሞከረው ያውቀዋል።

ነጻ ሕክምና የሚሰጠው የአገሪቱ የጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ፣ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 5 ቀን 1948 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ያቋቋሙት የወቅቱ የጤና ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን ነበሩ። በሐኪም ስም የመመዝገብ ሥርዓት ግን ከዚያም ይቀድማል። በ1911 የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ያወጡት የመድን ሕግ ሠራተኛውን በአንድ ሐኪም መዝገብ ላይ ያሰፍር ነበር፤ ሐኪሙ የሚከፈለውም በተመዝጋቢው ቁጥር ልክ ነበር። የበሽተኛው ታሪክ ይቀመጥበት የነበረው ትንሽ ፖስታ እስከ ዛሬ በሎይድ ጆርጅ ስም ይጠራል። አከፋፈሉም በመሠረቱ አልተለወጠም። አብዛኞቹ ሰርጀሪዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም፤ ሐኪሞች በሽርክና ይዘዋቸው ከኤንኤችኤስ ጋር በውል የሚሠሩ ናቸው። የገቢያቸው ትልቁ ክፍል በመዝገባቸው ላይ ባለው ሰው ብዛት ይሰላል። ስለዚህ ለመመዝገብ የሚሄድ ሰው ልመና የመጣ ያህል መሸማቀቅ የለበትም፤ ክሊኒኩ ገንዘብ ያገኝበታል።

ቅጹ በወረቀት ይሞላል፤ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የእንግሊዝ ሰርጀሪዎች በኢንተርኔትም የመመዝገብ ግዴታ አለባቸው። ፓስፖርት፣ የመብራት ወይም የውሃ ደረሰኝ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ እነዚህን አላመጣህም ብሎ መመለስ ግን አይፈቀድም። ቋሚ ቤት የሌለው ሰው የራሱን የሰርጀሪውን አድራሻ እንደ አድራሻው መጠቀም ይችላል። ለጥገኝነት አመልክቶ መልስ የሚጠብቅም፣ ወረቀት የሌለውም ይመዘገባል። ሰርጀሪው አንድን ሰው አልመዘግብም የሚለው በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ለምሳሌ መዝገቡ ሞልቶ ከተዘጋ ወይም አመልካቹ ከክልሉ ውጪ የሚኖር ከሆነ። ምክንያቱንም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ይህን ደንብ ሪሴፕሽን ላይ የተቀመጠው ሰው ሁልጊዜ ያውቀዋል ማለት አይደለም። «እምቢታችሁን በጽሑፍ ስጡኝ» የሚል ጨዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከክርክር ይሻላል።

ለእኛ ሰው ፈተናው ያለው የስም ሳጥን ላይ ነው። ቅጹ የግል ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ባል ግርማ ተሰማ፣ ሚስት አልማዝ ከበደ፣ ልጅ ሄለን ግርማ ቢባሉ፣ ለእንግሊዙ ጸሐፊ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ አንዱ ሰነድ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ጸሐይ የምትባል ሴት ደግሞ በአንዱ ወረቀት በ«ቲ ኤስ»፣ በሌላው በ«ቲ ዜድ» ትጻፋለች። ኮምፒውተሩ ሰውን የሚለየው በስም፣ በትውልድ ቀንና በአድራሻ ስለሆነ፣ ፊደል ሲዛባ ለአንድ ሰው ሁለት መዝገብ ሊከፈት ይችላል፤ የደም ምርመራው እዚህ፣ ክትባቱ እዚያ ይቀራል። መፍትሔው አንድ ሰነድ መርጦ፣ ሁልጊዜ በዚያው አጻጻፍ መሙላት ነው። ከአገር ቤት የመጣ የልጆች ክትባት ካርድም ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ ቀኑን ቀይሮ መስጠት ነርሷን ከብዙ ግራ መጋባት ያድናል።

ቅጹ ላይ ቋንቋና አስተርጓሚ የሚለውን መስመር ብዙ ሰው «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ለማለት ይዘለዋል። መዝለል የለበትም። አስተርጓሚው ነጻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በስልክ ይገባል። የአሥር ዓመት ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለእናቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ በመመሪያው የማይመከር ነው፤ መመሪያው ዝም ቢልም ልክ አይሆንም። የትኛዋ እናት ናት የማሕፀኗን ሕመም በልጇ አፍ የምትናገረው?

ስለ ጤና የሚጠየቀው ቀላል ነው፦ የሚወሰድ መድኃኒት፣ አለርጂ፣ ሲጋራ፣ መጠጥ። መጠጥ የሚለካው «ዩኒት» በሚባል መስፈሪያ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጠላ ስንት ዩኒት እንደሚሆን ግን ቅጹ አይናገርም። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 35 ለሆነና ከኢትዮጵያ ከመጡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ በብዙ አካባቢ የድብቅ ቲቢ የደም ምርመራ ይቀርብላቸዋል። ድብቁ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ የሚታፈርበትም ነገር የለውም።

ከምዝገባው በኋላ አሥር አኃዝ ያለው የኤንኤችኤስ ቁጥር ይታወቃል። ከ25 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሴቶች የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ ጥሪ የሚደርሳቸውም በዚህ መዝገብ በኩል ነው። ቤት የቀየረ ሰው አዲሱ ሰፈር ሲመዘገብ ታሪኩ ራሱ ይከተለዋል፤ ለቀድሞው ጂፒ ማሳወቅ ግድ አይደለም። ካልተመዘገበ ግን ደብዳቤው የድሮ ቤቱን ደጃፍ ሲያንኳኳ ይኖራል።

ገንዘብ ላይ አንድ ስህተት በሰፊው ይወራል። ጂፒ ማየት ለማንም ነጻ ነው፤ ጂፒ ያለው ሰው ሆስፒታልም በነጻ ይታከማል ማለት ግን አይደለም። ልጆቿን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጣች እናት እስከ ሦስት ወር በጊዜያዊነት ተመዝግባ ጂፒ ማየት ትችላለች፤ ሆስፒታል ተኝታ ብትታከም ግን ከመደበኛው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ልትጠየቅ ትችላለች፤ የጉዞ መድን ሳይገዙ ማስመጣት አይገባም። የመድኃኒት ማዘዣ ደግሞ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ በነጻ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ከ2024 ጀምሮ ለአንድ መድኃኒት 9 ፓውንድ ከ90 ሳንቲም ያስከፍላል። ነፍሰ ጡሮች፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉና 60 የሞላቸው አይከፍሉም፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነም ማመልከት ይችላል።

አሁን የምትኖሩበትን ቤት አድራሻ የሚያውቅ ጂፒ ከሌላችሁ፣ ቅጹን በዚህ ሳምንት ሙሉት፤ ለምዝገባው የሚከፈል ምንም የለም።