ዲፈረንሻሉ ሲያፏጭ ዘይቱ ምን ያደርጋል?

ሚኒባሱ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ከእግሩ ሥር ፉጨት ይሰማዋል። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ድምፁ ይቀጥናል፤ እግሩን ሲያነሳ ይጠፋል፤ ቁልቁለቱ ሲጀመር በሌላ ቅላጼ ይመለሳል። ጋራዥ ሲገባ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «140 ዘይት አድርግበት፣ ይተወዋል።»

ምክሩ አንዳንዴ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራና መቼ ጉዳት እንደሚደብቅ ለመረዳት ግን የዲፈረንሻሉ የብረት ሆድ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የውጪው ጎማ 9.4 ሜትር ገደማ ተጨማሪ ይንከባለላል። ሁለቱ በአንድ ግትር ዘንግ ቢታሰሩ ኖሮ ከሁለት አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተት ነበር። ኦኔሲፎር ፔክኸር የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ መፍትሔውን አበጅቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። ዛሬም ዲፈረንሻል የሚሠራው በዚያው ሐሳብ ነው።

የሚያፏጩት ግን ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርጉት ትናንሽ ማርሾች አይደሉም። እነሱ በደንብ የሚሠሩት በመታጠፊያ ላይ ብቻ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ የሚሰማው ፉጨት የሚመጣው ከሞተሩ በኩል ኃይል ይዞ ከሚገባው ፒኞንና መካኒኮች ኮሮና ከሚሉት ትልቅ የቀለበት ማርሽ ነው። ቀድሞ የፒኞኑ ማዕከል ከኮሮናው ማዕከል ጋር ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካው ግሊሰን ኩባንያ ፒኞኑ ከኮሮናው ማዕከል ዝቅ ብሎ የሚገባበትን ሃይፖይድ የተባለ ማርሽ አመጣ፤ ፓካርድም መኪኖቹ ላይ ገጠመው። ረጅሙ ዘንግ ወደ መሬት ወረደ፤ የመኪናው ወለልም አብሮት ዝቅ አለ። የማርሾቹ ድምፅም ለሰለሰ።

ይህ ጥቅም በነፃ አልተገኘም። የሃይፖይድ ጥርሶች ሲገናኙ ከመንከባለል አልፈው በርዝመታቸው እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ። ጥርስ ከጥርስ የሚነካካበት ቦታ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት አሥር ሺህ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እዚያ መሐል ዘይት እንዴት ይተርፋል? ዳንከን ዳውሰንና ጎርደን ሂጊንሰን የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ስሌት ነገሩን አብራርተውታል። ዘይቱ በግፊቱ ብዛት ለቅጽበት ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት እስኪጠጋ ይወፍራል፤ ብረቱም በጥቂቱ ይለጠጣል፤ በመካከላቸው አንድ ማይክሮን እንኳ የማይሞላ ሽፋን ይቀራል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው።

ያ ሽፋን የሚበጠስበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ጭኖ ዳገት ሲወጣ። ያኔ የሚደርሱት ዘይቱ ውስጥ ያሉት የሰልፈርና የፎስፈረስ ውህዶች ናቸው። የጋለውን ብረት ሲነኩ ከገጹ ጋር ተዋህደው በቀላሉ የሚላጥ ስስ ንጣፍ ይሠራሉ፤ ከጥርሱ ይልቅ ንጣፉ ይበላል። የዲፈረንሻል ዘይት የተከፈተበት ጋራዥ የገባ ሰው አፍንጫው ላይ የሚቀረው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የእነዚህ የሰልፈር ውህዶች ነው።

ስለዚህ የዘይቱ ቆርቆሮ ላይ መጀመሪያ መነበብ ያለበት ጂ.ኤል የሚለው ምልክት ነው። ጂ.ኤል-5 የተሠራው ለሃይፖይድ ማርሽ ሲሆን፣ በጥቅሉ ከጂ.ኤል-4 እጥፍ ያህል የመከላከያ ውህድ ይይዛል። ይሁንና ብዙ ካምቢዮዎች ውስጥ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፤ ጂ.ኤል-5 እነሱን ሊጎዳ ወይም የማርሽ አገባቡን ሊያከብድ ይችላል። በርካታ ካምቢዮዎች ጂ.ኤል-4 የሚጠይቁት ለዚህ ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ የፊት ጎማቸው በሚነዳ መኪኖች ዲፈረንሻሉ እዚያው ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ዘይቱም አንድ ነው። ማርሹ ሃይፖይድ ስላልሆነ የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘውን ብቻ መጨመር ይበቃል።

ቁጥሩ ሁለተኛ ይመጣል። በ80ደብልዩ-90 ላይ ያለው 90 ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር አይወዳደርም፤ መለኪያው ሌላ ነው። 90 የተባለ የማርሽ ዘይት ሲሞቅ ወፍራምነቱ 40 ወይም 50 ከተባለ የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። የፊተኛው ቁጥር ስለ ብርድ ነው፦ 75ደብልዩ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ 80ደብልዩ እስከ 26 ከዜሮ በታች፣ 85ደብልዩ እስከ 12 ከዜሮ በታች እንዲፈስ ይጠበቃል። ለአዲስ አበባ ማለዳ 80ደብልዩ ይተርፋል። አፋር በረሃ ከባድ ጭነት የሚጎትት መኪና ከሆነ፣ አምራቹ እስከፈቀደ ድረስ 140 ሊያስፈልገው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ጋራዡ ምክር እንመለስ። ዘይቱን ከ90 ወደ 140 መቀየር የማርሹን የዘይት ሽፋን በግማሽ ያህል ቢያሳድገው ነው፤ ይህ ማለት ከግማሽ ማይክሮን ያነሰ ጭማሪ ነው። በብዙ የቶዮታ የኋላ ዲፈረንሻሎች በፒኞንና በኮሮና ጥርሶች መሐል እንዲኖር የሚፈለገው ክፍተት ደግሞ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከ130 እስከ 180 ማይክሮን ነው። የተበላ ኩሽኔታ ፒኞኑን ከቦታው የሚያንሸራትተው በዚህ መጠን በሚለካ ርቀት ነው። ያንን ስህተት በዘይት ሽፋን መሙላት አይቻልም። ወፍራሙ ዘይት ድምፁን በጥቂቱ ያፍነዋል እንጂ ጥርሱን አያስተካክልም፤ በዚያ ላይ ማርሹ ዘይቱን ለማማሰል ኃይል ያባክናል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ በማለዳ ብርድ ዘይቱ ፒኞን ኩሽኔታ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል። የሮአልድ ዳል «ማቲልዳ» ልቦለድ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጠው አባት የካምቢዮ ጩኸት የሚደብቀው በሰጋቱራ ነበር። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ዘይቱን ቀድቶ ማየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይት በእርግጥ ጩኸቱን የሚፈታባቸው ጊዜያት አሉ። አንደኛው ዘይቱ የጎደለ እንደሆነ ነው። ሌላው ውሃ ነው፤ ሲሄድ የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ መተንፈሻው ወይም የዘይት መከላከያ ጎማው ከደከመ ውሃ ይስባል። እንዲህ ያለ ዘይት ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስላል። ሦስተኛው፣ መንሸራተትን የሚገታ ክላች ያለበት ዲፈረንሻል ነው፤ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ የሚንቀጠቀጥና የሚያንኳኳ ከሆነ ለዚያ የተዘጋጀ፣ ፍትጊያን የሚያለሰልስ ውህድ ያለበት ዘይት ብቻውን ሊያድነው ይችላል። አሜሪካ ስፐርም ዌልን አደጋ ላይ ካሉ እንስሳት እስከመዘገበችበት እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ድረስ ይህን የማለስለስ ሥራ ይሠሩ ከነበሩት አንዱ የዚህ ዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር።

ጠንቃቃ መካኒክ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ከማፍሰሻው ቡሎን በፊት የመሙያውን ይፈታል፤ መሙያው ካልተፈታ ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ መቅረት አለና። ቀጥሎ ማግኔት ያለውን ቡሎን በጣቱ ያሻል። እንደ ግራጫ ቅባት የላመ ብናኝ የወጉ ነው። የሚወጋ ስንጥር ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል። አዲሱን ዘይት በመሙያው ቀዳዳ ጫፍ እስኪንጠባጠብ ይሞላና መኪናውን ይነዳል።

ፉጨቱ አሁንም ካለ፣ የሚቀረው ሥራ ዲፈረንሻሉን አውርዶ የኮሮናውን ጥርሶች ቀለም መቀባት ነው። በእጅ ሲዞር ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ፒኞኑ የት እንደሚነካ ያሳያል። ንክኪው ወደ ጥርሱ ጫፍ ወይም ሥር ካዘነበለ፣ ከፒኞኑ ጀርባ ያለው ቀጭን የብረት ቀለበት በወፈረ ወይም በሳሳ ይቀየራል፤ ልዩነቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። እንደገና ይገጠማል፣ እንደገና ይቀባል፣ ቀለሙ የጥርሱ መሐል ላይ እስኪያርፍ።