ለእንግዳው ማን ይጠየቃል?

በኮልፌ ቀራንዮ የብዙ ሰው አኗኗር ከግቢ ወደ ጋራ ሕንፃ ተሸጋግሯል። ቀድሞ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አጥርና በር ነበረው፤ አቅም ያለውም የራሱን ዘበኛ ይቀጥር ነበር። ዛሬ በሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም፣ እንዲሁም ከአየር ጤና እስከ ቤተልና ዓለም ባንክ ባሉት አፓርታማዎች በርካታ አባወራዎች በአንድ በር ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በበሩ ላይ የሚቆመውም ብዙ ጊዜ ነዋሪው ራሱ የቀጠረው ሰው ሳይሆን የጥበቃ ኤጀንሲ ያሰማራው ባለ ደንብ ልብስ ሠራተኛ ነው። በዚያ በር ግን ነዋሪው ብቻ አያልፍም። ዘመድ ጠያቂው፣ ለቅሶ ደራሹ፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ ዕቃ አድራሹ፣ አስጠኚው፣ በተመላላሽነት የምትሠራው የቤት ሠራተኛ ሁሉ በዚያው ያልፋሉ። ታዲያ ከእነዚህ አንዱ ከገባ በኋላ በጨለማ ደረጃ ላይ ቢደበደብና ቢዘረፍ፣ ወይም ጥበቃው ራሱ ቢያንገላታው፣ በሕግ ፊት የሚጠየቀው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ኤጀንሲው የተዋዋለው ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር ነው፤ እንግዳው በውሉ ውስጥ የለም» የሚል ነው። ይህ መልስ ከሕጋችን ጋር አይጣጣምም። የጥበቃ ድርጅት በሚጠብቀው ግቢ ውስጥ በአግባቡ ለገባ እንግዳም ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

በመጀመሪያ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ነጥብ እንቀበል። ውል በመርሕ ደረጃ የሚያስተሳስረው ተዋዋዮቹን ብቻ እንደሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ራሱ ይደነግጋል። ማኅበሩ ከፍሏል፣ ኤጀንሲውም ተቀብሏል፤ እንግዳው አንድም ሳንቲም አልከፈለም፣ የፈረመው ወረቀትም የለም። ስለዚህ «ውሉን አልፈጸማችሁልኝም» ብሎ ኤጀንሲውን መክሰስ ያስቸግረዋል። ክርክሩ እዚህ ላይ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ኤጀንሲዎቹ ትክክል ይሆኑ ነበር። ነገር ግን ግዴታ ከውል ብቻ አይመነጭም። አንድ ሾፌር በመንገድ የሚሻገረውን እግረኛ ላለመግጨት የሚጠነቀቀው ከእግረኛው ጋር ተዋውሎ አይደለም። ሕግ ራሱ፣ ማንም ሰው በጥፋቱ ሌላውን እንዳይጎዳ ስላዘዘው ነው። ይህ ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነት የሚባለው የሕግ ክፍል ሲሆን፣ የእንግዳውም መብት የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። ቀጣዩ አንቀጽ 2029 ጥፋት ማለት ሆን ብሎ የተደረገ ነገር ብቻ አለመሆኑን፣ ቸልተኝነትም ጥፋት መሆኑን፣ ደግሞም ጥፋት በማድረግ ብቻ ሳይሆን ማድረግ የሚገባን ባለማድረግም እንደሚፈጸም ይናገራል። ለጥበቃ ሥራ ይህ የመጨረሻው ሐረግ እጅግ ወሳኝ ነው፤ የጥበቃ ስህተት በአብዛኛው ያልተደረገ ነገር ነውና። ያልተዘጋ በር፣ ያልተጠየቀ መታወቂያ፣ ያልተደረገ ዙር፣ ያልተደወለ ስልክ። አንቀጽ 2031 ደግሞ አንድን ሙያ ወይም የተለየ ሥራ የሚሠራ ሰው የዚያን ሥራ ደንቦች ማክበር እንዳለበት ያስገድዳል። ጥበቃን መተዳደሪያው ያደረገ ድርጅት ከተራ መንገደኛ የበለጠ ይጠበቅበታል ማለት ነው። ድርጅቱ «ያጠፋው ሠራተኛዬ ነው» ብሎ ሊያመልጥም አይችልም። በአንቀጽ 2129 መሠረት በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው ድርጅት ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ጉዳቱ የደረሰው ሠራተኛው ዘወትር በሚሠራበት ቦታ ወይም ሰዓት ከሆነም፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ በሥራው ላይ ሳለ እንዳደረሰው ሕጉ ይገምታል።

ይህ አስተሳሰብ በአህጉራችን በአንድ አገር የበላይ ፍርድ ቤት ተፈትኖ አልፏል። በጆሃንስበርግ አንድ አባወራ መኖሪያ ቤቱን ሌት ተቀን እንዲጠብቅለት ከአንድ የጥበቃ ድርጅት ጋር ተዋውሎ፣ ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይገባ አጥብቆ አዝዞ ነበር። በጥር 2001 ዓ.ም. አንድ ምሽት ሰማያዊ መብራት የምታብለጨልጭ መኪና መጣች። ፖሊስ የመሰለ ሰው መታወቂያ ነገር ብልጭ አድርጎ አሳየ፤ ጥበቃውም ማንነቱን ሳያጣራ በሩን ከፈተ። የገቡት ዘራፊዎች ነበሩ። ውሉን የተዋዋለው አባወራው ብቻ ስለነበር የሚስቱና የልጆቹ ጥያቄ በውል ሊታይ አልቻለም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2006 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ድርጅቱ ለአባወራው በውል፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ደግሞ ከውል ውጭ ባለው ኃላፊነት ተጠያቂ ነው አለ። የጥበቃ ድርጅቶች ሊወገድ የሚችልን ጉዳት እንዲያስወግዱ ኅብረተሰቡ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጥበቃውም በሩን የከፈተበት መንገድ ቸልተኝነት ነበር የሚል ነው የፍርዱ መሠረት። ይህ ውሳኔ የኢትዮጵያን ፍርድ ቤት አያስገድድም። ሆኖም መንገዱ በእኛ አንቀጽ 2028 እና 2029 ላይ ከተዘረጋው ጋር አንድ ነው፤ ውል ያልፈረመ ሰው በቸልተኝነት ከተጎዳ ሕግ ራሱ ይደርስለታል። የቤተሰብ አባልና እንግዳ በእርግጥ አንድ አይደሉም። ነገር ግን በጥበቃው ተጠይቆ፣ ተመዝግቦና ተፈቅዶለት የገባ እንግዳ በድርጅቱ እውቅና ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ «መኖሩን አላውቅም ነበር» ሊባልበት አይችልም።

ግዴታው ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ግን በጥንቃቄ መመለስ አለበት። የጥበቃ ድርጅት በግቢው ውስጥ ምንም ክፉ ነገር እንደማይደርስ ዋስትና የሰጠ አይደለም። የሚጠበቅበት አንድ አስተዋይ የሙያው ሰው የሚያደርገውን ማድረግ ነው። የሚገባውን ሰው መመዝገብና ወደየትኛው ቤት እንደሚሄድ ማረጋገጥ፣ በተመደበበት ሰዓት ከበሩ አለመለየት፣ በደረጃዎችና በመኪና ማቆሚያ ዙር ማድረግ፣ የጠፋ መብራትና የተሰበረ ቁልፍ ሲያይ ለማኅበሩ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ጠብ ሲነሳ ለፖሊስ ወዲያው መደወል። በተለይ ድርጅቱ አስቀድሞ የሚያውቀው አደጋ ካለ፣ ለምሳሌ በአንድ ብሎክ ደረጃ ላይ ቅሚያ ተደጋግሞ ከደረሰ፣ የሚጠበቅበት ጥንቃቄ ይጨምራል፤ «አልጠበቅሁትም» የሚለው መከላከያውም ይዳከማል። አደጋ ከደረሰ በኋላም ግዴታው አያበቃም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 ሕይወቱ ወይም አካሉ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ያልረዳን ሰው ይቀጣል፤ የመርዳት የሙያ ወይም የውል ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ቆስሎ የወደቀን እንግዳ «የግቢው ሰው አይደለም» ብሎ ትቶ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀልም ሊሆን ይችላል።

እንግዳውን ከሌላ ሰው መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ከጥበቃው ከራሱ መጠበቅም የዚያኑ ያህል አስፈላጊ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2038 ያለ ሰው ፈቃድ ሆን ብሎ አካሉን መንካት፣ በአንቀጽ 2040 ደግሞ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰውን ነፃነት ለአጭር ጊዜም ቢሆን መግታት ጥፋት ነው። ጥበቃ ፖሊስ አይደለም። ወንጀል ሠርቷል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ያለበትን ሰው ለጊዜው ይዞ ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል፤ በጥበቃ ቤት ውስጥ ዘግቶ ማቆየት፣ መማታት ወይም አዋርዶ መበርበር ግን አይችልም። ለመግባት ሲባል የቦርሳ ፍተሻ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያልፈለገ ሰው ግን ከበሩ የመመለስ መብት አለው። እዚህ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከቸልተኝነት ያለፈ ቀጥተኛ ድርጊት ስለሆነ፣ የድርጅቱን ኃላፊነት መካድ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው።

አንዳንዶች «የደበደበው ሌባው እያለ ጥበቃው ለምን ይጠየቃል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዋናው በደለኛም ያለ ጥርጥር ወንጀለኛው ነው። ነገር ግን ጥበቃ የሚቀጠረው ሌባ ስላለ ነው። የሌባው መኖር ጥበቃውን ከኃላፊነት የሚያወጣው ከሆነ የጥበቃ ግዴታ የሚባል ነገር ጨርሶ አይኖርም። ሕጋችን አንዱን ተጠያቂ ሲያደርግ ሌላውን ነፃ አያወጣም፤ በአንቀጽ 2155 መሠረት ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ኃላፊ ከሆኑ ካሳውን በአንድነትና በነጠላ ይከፍላሉ። ሚዛኑም የተጠበቀ ነው። ከሳሹ የጥበቃውን ጥፋት፣ እንዲሁም ጥፋቱ ለጉዳቱ መንስኤ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ጥበቃው ሁሉን አድርጎ ሳለ የደረሰ ጉዳት ለድርጅቱ አይቆጠርም። እንግዳውም ጠብ ጫሪ ከነበረ፣ በራሱ ጥፋት መጠን ካሳው እንደሚቀነስ አንቀጽ 2098 ይደነግጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ጥበቃዎቹ ኑሮ የሚነሳው ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ ሌሊቱን በብርድ የሚያነጋን ሰው ይህን ሁሉ መጠየቅ ግፍ አይደለም ወይ? ግፍ የሚሆነው ሸክሙ በእርሱ ጫንቃ ላይ ብቻ ሲወድቅ ነው። ሕጉ ድርጅቱን ተጠያቂ ያደረገውም ለዚህ ነው፤ ፈረቃውን የሚያወጣው፣ ሥልጠናውን የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው፣ ለአንድ ሰፊ ግቢ አንድ ሰው ብቻ የሚመድበው ድርጅቱ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሊበልጥ አይችልም። ጥበቃን ከዚህ በላይ በተከታታይ ያቆመ ድርጅት ሠራተኛው እንደሚያንቀላፋ ማወቅ አለበት፤ እንቅልፉ የሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን የድርጅቱ ጥፋት ማስረጃ ይሆናል። ኃላፊነቱ በፍርድ ቤት በእውን መጠየቅ ከጀመረ፣ ለድርጅቶች ሰው አብዝቶ መመደብና ማሠልጠን ካሳ ከመክፈል ይረክሳል። የእንግዳው መብትና የጥበቃው መብት እዚህ ላይ አይጣሉም፤ አንዱ ሲከበር ሌላውም ይከበራል።

የነዋሪዎች ማኅበርም ከጥያቄው ውጭ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃ፣ ኮሪደርና ግቢን የመሳሰሉ የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደር ኃላፊነት ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። ማኅበሩ «ሥራውን ለኤጀንሲ ሰጥቻለሁ» ብሎ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2134 ሊጠቅስ ይችላል፤ አንቀጹ በሥልጣኑ ሥር ሳይሆን ነፃነቱን ይዞ የሚሠራ ሌላ ሰው ለሚፈጽመው ጥፋት ሥራ ሰጪው እንደማይጠየቅ ይደነግጋልና። ይህ መከላከያ ማኅበሩን ከኤጀንሲው ጥፋት እንጂ ከራሱ ጥፋት አያድነውም። ለወራት የጠፋውን የደረጃ መብራት ያላስቀየረው፣ የተሰበረውን በር ያላሠራው፣ ብቃቱን ሳይጠይቅ ርካሽ ዋጋ ስላቀረበ ብቻ ድርጅቱን የመረጠው ማኅበሩ ከሆነ በራሱ ቸልተኝነት ይጠየቃል። በአሜሪካ ዋሽንግተን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የተሰጠ የታወቀ ፍርድም በጋራ ኮሪደር ለተጠቃች ተከራይ የሕንፃውን ባለቤት ኃላፊ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነበር፤ የጋራውን ቦታ ደህንነት ለማስጠበቅ የሚችለው እርሱ ብቻ ነበርና።

«እንዲህ ከሆነ ጥበቃው ካሳ ፈርቶ በሩን በእንግዳ ላይ ይዘጋል፤ ለቅሶ ደራሹም ቡና ጠጪውም ይጉላላል» የሚል ስጋትም አለ። ስጋቱ ከባህላችን የመነጨ ነውና አላቃልለውም። ሆኖም ሕጉ የሚጠይቀው ጥንቃቄን እንጂ መከልከልን አይደለም። በትሕትና ስም ጠይቆ መመዝገብና ለቤቱ ባለቤት መደወል ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ማኅበሩና እድሩ አስቀድመው ተነጋግረው በሩን ማመቻቸት ይችላሉ። እንግዳን ማክበር በሩን ከመክፈት ይጀምራል፤ በሰላም መሸኘትንም ይጨምራል።

መብቱ በተግባር እንዲውል ግን ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ጊዜ። በአንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ያ ይርጋ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ማስረጃ። ተጎጂው ለፖሊስ ማመልከት፣ የሕክምና ማስረጃ መያዝ፣ የምስክሮችን ስም መመዝገብ፣ የካሜራ ምስልና የእንግዳ መዝገብ እንዳይጠፉም ለማኅበሩና ለኤጀንሲው ቶሎ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ የካሳው ልክ። የሕክምና ወጪና የታጣ ገቢ በደረሰው ጉዳት መጠን ይካሳል፤ የሞራል ጉዳት ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። በ1952 ዓ.ም. ክብደት የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ የተዋረደን ሰው ክብር አይመልስም፤ ሕግ አውጪው ሊያሻሽለው ይገባል። እስከዚያው የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪዎች ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ማኅበራት ከኤጀንሲ ጋር ውል ሲያድሱ ጥበቃው በአግባቡ የገባን እንግዳ ሁሉ እንደሚያካትት፣ የዙር ሰዓቱን፣ የፈረቃውን ርዝመትና ለካሳ የሚሆን የመድን ሽፋን በግልጽ ያስፍሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሦስተኛ ወገን ጥቅም መዋዋልን ይፈቅዳል። እንዲህ ከተጻፈ፣ «እንግዳው በውሉ ውስጥ የለም» የሚለው ክርክር መቆሚያ ያጣል።