«ደም ብዛት» እና «ደም ማነስ»፤ ስለ ሁለት የሕክምና ስያሜዎች

«ደም ብዛት» እና «ደም ማነስ» የሚሉትን ስያሜዎች ጎን ለጎን የሚሰማ ተማሪ አንዱን የሌላው ተቃራኒ አድርጎ ቢወስድ አያስደንቅም፤ ቃላቱ ራሳቸው ወደዚያ ይመሩታልና። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በተለምዶ ደም ብዛት የሚባለው በሽታ የደሙን መጠን ሳይሆን፣ ደሙ በደም ወሳጅ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት የሚመለከት ነው። ግፊቱ የሚለካው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። ደም ማነስ ደግሞ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ማነሱ ነው። በመሆኑም አንድ ሰው፣ ለምሳሌ ኩላሊቱ ለረዥም ጊዜ የታመመ፣ ሁለቱም በአንድነት ሊኖሩበት ይችላሉ።

የስያሜው ስሕተት በቃል ብቻ አይቀርም። ደሙ በዝቷል የተባለ በሽተኛ በዋግምት ደም ማስወጣትን መፍትሔ አድርጎ ሊያስብ ይችላል። ከፍተኛ ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይም «ደኅና ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን ያቋርጣል።

መምህሩ የሕዝቡን ቃል ይንቀፍ ማለት አይደለም፤ ተማሪው ከወላጆቹ ጋር የሚነጋገረው በዚሁ ቃል ነውና። ከ«ደም ብዛት» ተነሥቶ፣ ውኃ የሚወርድበትን የጎማ ቱቦ ጫፍ በጣቱ አጥብቦ ቢያሳይ፣ ውኃው ሳይጨምር አወጣጡ ሲበረታ ተማሪዎቹ «ግፊት» የሚለውን ቃል በዓይናቸው ያዩታል።