ወባና ያልለመደው ሰውነት

በሽታ የሚዛመተው በተሐዋስያኑ ብርታት ብቻ አይደለም፤ የሚቀበላቸው ሰውነት መከላከያ ሲያጣም ነው። ለዚህ የጂቡቲ ከተማ ምስክር ናት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በጂቡቲ አገር የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ስለ ነበሩ፣ ወባ ሊጠፋ ነው የሚል ተስፋ ነበረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር የሆነ፣ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማይቱ ተገኘች። ይህች ትንኝ ረግረግ ሳትሻ፣ በበርሜልና በገንዳ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች።

ወባ ደጋግሞ የሚይዘው ሰው በጊዜ ብዛት ከፊል የመቋቋም ኃይል ያገኛል፤ ለረጅም ዘመን ወባ ያልጎበኘው ሕዝብ ግን ይህ ኃይል አይኖረውም። ትንኟና ያልለመደው ሰውነት በተገናኙ ጊዜ፣ የሕሙማኑ ቍጥር በ2020 ዓ.ም. ከ73 ሺሕ በላይ ደረሰ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በባቡሩ መሥመር ያለችው ድሬዳዋ በዚህችው ትንኝ ሳቢያ በወረርሽኝ ተመታች።

እንግዲህ በወደብ፣ በመጋዘንና በመኖሪያ ግቢ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ሁሉ ሊከደን፣ ትኩሳት የያዘውም ሠራተኛ ሳይውል ሳያድር ሊመረመር ይገባል። የሕሙማን ማነስ አስተዳዳሪውንም ሆነ ነጋዴውን ሊያዘናጋ አይገባም፤ በሽታው የራቀው ሕዝብ ሲመለስበት የሚጎዳው አብልጦ ነውና።