የመንገድ ፀሐይና ማድያት

ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ የሚነሣ ቤተሰብ ስንቁን፣ ጋቢውንና የልጆቹን ልብስ ማሰናዳት የሚጀምረው ከሳምንት በፊት ነው። ስለ ፊት ቆዳ የሚያስብ ግን እምብዛም አይገኝም። «የእኛን ቆዳ ፀሐይ ምን ያደርገዋል?» ማለት የተለመደ ነውና። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ እንደ ነጭ ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም። ማድያት ግን ከነጮቹ ይልቅ በእኛው ቆዳ ላይ ይበረታል፤ ከሚቀሰቅሱትና ከሚያባብሱት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ ይኸው ፀሐይ ነው። እርጉዞችና የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ እኅቶች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል።

እስቲ መንገዱን እናስበው። ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ በብርድ ይሳፈሩና አዳማን አልፈው መተሐራና አዋሽ ሲደርሱ ሙቀቱ ያልባል። ከዚያ ደግሞ በጭሮ በኩል ወደ ቁልቢ ደጋ ሽቅብ ይወጣል። ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ወርዶ እንደገና መውጣት ማለት ነው። ደጋው ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ የደከመ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

«እኔ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ መስኮቱም ዝግ ነው» የምትል አትጠፋም። መስተዋት ቆዳን የሚያቃጥለውን ጨረር በአብዛኛው ያስቀራል፤ የሚያጠቁረውንና የሚያሸበሽበውን ሌላውን ጨረር ግን የጎን መስኮት በብዛት ያሳልፈዋል። ስለማያቃጥልም አይታወቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶግራፍ አውጥቶ ነበር። ሰውየው 28 ዓመት ሙሉ ሲያሽከረክር በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ፊቱ ተጨማድዶና ወፍሮ፣ ቀኙ ግን በዕድሜ ብዙ ያነሰ የሌላ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

እንግዲህ መቀመጫ መምረጥ ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ደቡብ በቀኙ ነው። ስለዚህ ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ ረድፍ መቀመጥ ይሻላል። ቦታው ካልተገኘ መጋረጃውን መሳብ፣ መጋረጃ ከሌለም ነጠላን ደርቦ መከናነብ ነው። ነጠላው ስስ ከሆነ አንድ እጥፉ ብርሃን ስለሚያሳልፍ መደረቡ አይዘንጋ። ከመኪና ሲወርዱ ጃንጥላ ይያዝ። ጃንጥላ ለዝናብ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ባሎች ቢስቁ ይሳቁ።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለመግዛት አቅሙ ያላት ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን መርጣ ከመነሣቷ በፊት ትቀባ፤ በየሁለት ሰዓቱም ትድገመው። ቫዝሊን ይህን ሥራ አይሠራም። ቫዝሊን እርጥበት ይጠብቃል እንጂ ፀሐይን አይመክትም፤ ጠቃሚነቱ በደጋው ብርድ ለከንፈርና ለተረከዝ ነው። በቆላው ሙቀት ሕፃናትን በቫዝሊን አወፍሮ መቀባት ደግሞ ላባቸውን አፍኖ ሽፍታ ያወጣባቸዋል። ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ መንገደኛም ቆዳው ለፀሐይ ይበልጥ እንደሚሳሳ ማወቅ አለበት። ማድያት ያጠፋል ተብሎ የሚታሸው ሎሚስ? የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እንዳለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ከቁስሉ በኋላም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን መኪናው ለምሳ ሲቆም በመስኮት በኩል የሚቀርበው ክሬም ነው። አንዲት የምናውቃት እናት በእርግዝናዋ ወራት ይህንኑ መንገድ ተጉዛ ስትመለስ ሁለቱም ጉንጮቿና ግንባሯ ማድያት ለብሰው ነበር። ከተገላገለች በኋላ እንደገና መንገድ ስትወጣ በአንድ የመንገድ ዳር ገበያ «በሳምንት ያጠራል» የተባለ ክሬም ገዛች። በእርግጥም አጠራ። ጎረቤቶቿ ሁሉ አድራሻውን ጠየቋት። በአራተኛው ወር ግን የፊቷ ቆዳ ሳስቶ የደም ሥሮቿ ይታዩ ጀመር፤ ብጉርም ወረራት። ደንግጣ ስታቆመው ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ማድያቱም ከበፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

ምክንያቱ እንቆቅልሽ አይደለም። እንዲህ ካሉት ክሬሞች ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሊደርስ የማይገባው ብርቱ መድኃኒት የሚገኝባቸው አሉ። ሃይድሮኪኖን ያለልክ የተጨመረባቸውም አሉ። ሜርኩሪ ያለባቸውም ተገኝተዋል፤ ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እናቱን እያቀፈና እየሳመ ለሚያድግ ሕፃንም ይተርፋል። ስለዚህ የሠሪው ስምና የተሠራበት ነገር ዝርዝር ያልተጻፈበት፣ ወይም ገዢዋ በማታውቀው ቋንቋ ብቻ የተጻፈበት ክሬም ምንም ርካሽ ቢሆን አይገዛ።

ለወራት ስትቀባ የቆየች እኅት በድንገት ከማቆሟ በፊት ሐኪም ታማክር፤ ቀስ በቀስ የሚተውበት መንገድ አለና። አዲስ አበባ ላለች ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ነው። ስትሄድ የክሬሙን ዕቃ፣ ቢያልቅም እንኳ፣ ይዛ ትሂድ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቃት ምን እንደተቀባች ነውና።