ቆሞ መዋልና መቆም

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍሌ የሚመጡት አብዛኞቹ ቆመው የሚውሉ ወይም ቆመው የሚያድሩ ናቸው፦ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ የመጋዘን ሰዎች። ሕመማቸው ወገብ፣ ጉልበት ወይም ተረከዝ ላይ ነው። የዮጋን የቁም አቋሞች ላሳይ ስል አንዲት የሽመና ክፍል ሠራተኛ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ኖሬ አሁን መቆም ልታስተምረኝ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ እትዬ፣ እሱኑ ነው።

አንድ ቦታ ተገትረን ስንውል ክብደታችንን አንድ እግር ላይ እንጥላለን፤ ጉልበታችንንም ወደ ኋላ እንቆልፋለን። ደምን ወደ ልብ የሚገፋው የባት ጡንቻ ካልተንቀሳቀሰ ደሙ ታች ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ወገብ ይደክማል።

ታዳሳና፣ ማለትም የተራራ አቋም፣ ለሚያየው ምንም አይመስልም። የዮጋ መምህሩ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ግን በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣው «ላይት ኦን ዮጋ» መጽሐፉ አቋሞቹን ማስተማር የጀመረው ከዚሁ ነው፤ እኔም አልዘለውም። ጫማ ይወልቃል። ሲሚንቶው ከቀዘቀዘ ስስ ምንጣፍ ይበቃል፤ ወፍራም ፍራሽ ሚዛን ይነሳል። እግሮች በዳሌ ስፋት ይራራቁ። ክብደቱ በተረከዝ፣ በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር ላይ እኩል ይረፍ። ጉልበት ቀጥ ይበል እንጂ አይቆለፍ። ትከሻ ከጆሮ ይራቅ፤ ትንፋሽ አይታፈን። ብዙ ሰው ክብደቱ ወደ አንድ ወገን እንደሚያደላ የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው። ለእኔ የሕክምናው ግማሽ ይኸው ነው።

የዛፍ አቋም ከዚያ ይከተላል፤ መጀመሪያ ግድግዳ አጠገብ። የአንዱ እግር ውስጥ እግር በሌላኛው ባት ላይ ይለጠፋል፤ የቻለ ጭኑ ላይ ያደርሰዋል። ጉልበት ላይ ግን ፈጽሞ አይደገፍም፤ ጉልበት የተሠራው ለመታጠፍና ለመዘርጋት እንጂ ከጎን ለሚመጣ ግፊት አይደለም። ዓይን አንድ ነጥብ ላይ ይተከል። ሚዛናችንን የሚጠብቁት ዓይን፣ የውስጥ ጆሮና የእግር ስሜት ተባብረው ነው፤ ስኳር የእግራቸውን ስሜት ያደነዘዘባቸው ታካሚዎቼ ስለዚህ ግድግዳውን አይለቁም። በጦረኛ አቋም የሚታጠፈው የፊተኛው ጉልበት ከቁርጭምጭሚቱ አያልፍም፣ ወደ ውስጥም አይወድቅም። በሦስት ማዕዘን አቋም እጅ የግድ መሬት መንካት የለበትም፤ ወንበር ይበቃል። የደም ግፊት ያለበት እጁን ከራሱ በላይ አያቆይ።

«ይሄ የህንዶች እምነት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ዮጋ ከህንድ መንፈሳዊ ባህል እንደመጣ አልደብቅም። እኔ የማስተምረው እግርን፣ ጉልበትንና ትንፋሽን ነው፤ ስሙ ለከበደው ሰው ስሙን ትቼ እንቅስቃሴውን ብቻ አሠራዋለሁ። የእኛም ሊቃውንት ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ መቋሚያ ይደገፋሉ፤ ረጅም ሰዓት ቆሞ ለማደር ሰውነት እረፍት እንደሚሻ ከጥንት የታወቀ ነው።

ይህን ለፋብሪካ ኃላፊዎችም እነግራለሁ፤ የትኛውም አቋም በርጩማንና እረፍትን አይተካም። በፈረቃ መካከል ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ፣ ወዲህ ወዲያ ማለት፣ ተረከዝ ማንሳትና መመለስ ለሠራተኞቹ ይፈቀድላቸው። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ፣ ሞቆ የሚያም ከሆነ ግን ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ልምምዱ ይቅርና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።